ከ«አይዞህ» በፊት፦ የሚሠቃይ ሕመምተኛን እንዴት እናድምጥ?

ሕመምተኛ በመጠየቅ አንታማም። ጎረቤት ታመመ ሲባል ብርቱካኑ፣ አጥሚቱ፣ ሾርባው ተይዞ ይኬዳል። በጥየቃ ሰዓት የሆስፒታል በር ላይ ያለውን ግፊያ የምታውቁት ነው። ከገባን በኋላ ግን አልጋውን ከበን እንቆማለን። «አይዞህ፣ ምንም አትሆንም፣ ፊትህ እኮ ጥሩ ነው» እንላለን። ቀጥለን እርስ በርስ ስለ ታክሲ ሰልፍና ስለ ዘይት ዋጋ እናወራለን። ሕመምተኛው ተኝቶ ያየናል። ቀኑን ሙሉ በሰው ተከቦ ውሎ የልቡን አንድ ነገር ሳይናገር የሚያድር ታማሚ ብዙ ነው።

ይህ መመሪያ ለአስታማሚ፣ ለጠያቂና ለጤና ባለሙያ ነው። በተለይ እንደ ካንሰር ባለ ከባድና ረጅም ሕመም የሚሠቃይ ሰው ቤቱ ላለ ሁሉ። ማድመጥ ከሕክምናው አንዱ ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ። ያልተነገረ ሥቃይ ማንም አያክመውም። ሰው ደግሞ ሥቃዩን የሚናገረው የሚያደምጠው ሲያገኝ ነው።

የምናደምጠው ምኑን ነው?

ሲሲሊ ሳንደርስ እንግሊዛዊት ናት። በነርስነት ጀምራ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ሆነች፤ ከዚያም ሕክምና ተምራ ሐኪም ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈርስ ሆስፒስን፣ ማለትም በጠና ታመው ወደ ሞት የተቃረቡ ሰዎች የሚታከሙበትን ቤት ከፈተች። ዛሬ ፓሊየቲቭ ኬር የሚባለው የማስታገሻ ሕክምና መልኩን የያዘው በአብዛኛው በእሷ ሥራ ነው። አሠራሯ ቀላል ነበር። አልጋው አጠገብ ቁጭ ብላ ሕመምተኞቿ የሚሉትን ትሰማለች፣ ትመዘግባለች። አንዲት ታማሚ ስለ ሕመሟ ስትጠየቅ ከጀርባዋ ጀመረች። ወዲያው ግን ሁለመናዋ እንደታመመ ተናገረች። ባሏና ልጇ እሷን ለማስታመም ከሥራ ቢቀሩ ገንዘባቸው እንደሚቀርባቸው አነሳች። ሥቃዬ የሚገባው ሰው የለም እስከማለት መድረሷንም አወራች። ሳንደርስ እንዲህ ያለውን እየሰማች ሥቃይ አራት መልክ አለው አለች፦ የአካል፣ የስሜት፣ የማኅበራዊ ኑሮና የመንፈስ።

ይህን ወደ እኛ አገር አምጡት። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጥበት ብቸኛ ቦታ ነበር። ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ሰው ቤት ተከራይቶ ወይም ዘመድ ተጠግቶ ተራውን ይጠብቃል። የጡት ካንሰር ይዟት ከገጠር የመጣች እናት አስቡ። ቁስሏ ያማታል። ጥላቸው የመጣችው ልጆች ያሳስቧታል። ለመሳፈሪያና ለመድኃኒት የተሸጠው በሬ ያንገበግባታል። ሌሊት ደግሞ «ምን በድዬው ነው?» እያለች ከፈጣሪዋ ጋር ትሟገታለች። ስለ ቁስሉ ብቻ ጠይቋት የወጣ ሰው አብዛኛውን ሥቃይዋን አልሰማም።

«ለዚህ ሁሉ ጊዜ ከየት ይመጣል?» የሚል ባለሙያ እንደሚኖር አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ነበር። ታካሚው መናገር ከጀመረ በኋላ ሐኪሙ በአማካይ በ18 ሰከንድ ውስጥ እንደሚያቋርጠው አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ውስጥ ሐኪሞች ሳያቋርጡ ታካሚው በራሱ እስኪጨርስ እንዲጠብቁ ተደረገ። በአማካይ የፈጀው 92 ሰከንድ ነው። 78 በመቶው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጨርሷል። ሁለት ደቂቃ ደግሞ ወረፋ በበዛበት ተመላላሽ ክፍልም ይገኛል።

1. ከመግባታችሁ በፊት

የስልካችሁን ድምፅ አጥፉና ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱት። የምትቆዩትን ጊዜ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ሃያ ደቂቃም ቢሆን ይበቃል። ስትገቡም ንገሩት፦ «እስከ አሥር ሰዓት አብሬህ ነኝ።» ያኔ መቼ ትነሳ ይሆን እያለ አይሳቀቅም፣ ለመናገርም አይጣደፍም።

ከዚያ ተቀመጡ። ቆሞ የሚጠይቅ ሰው ሁልጊዜ ሊሄድ ያለ ይመስላል። ወንበር ከሌለ ፈቃዱን ጠይቃችሁ አልጋው ጫፍ ላይ አረፍ በሉ። ትልቅ ሰውን ፊት ለፊት ትኩር ብሎ ማየት በእኛ ዘንድ ድፍረት ስለሆነ፣ ወደ ጎን ጠጋ ብሎ መቀመጥ ይሻላል።

ክፍሉ ውስጥ ማን እንዳለም እዩ። ሚስት የገንዘብ ጭንቀቷን ባሏ ፊት አታወራም። አባት ፍርሃቱን ልጆቹ ፊት አያወጣም። «እናንተ ወጣ ብላችሁ ቡና ጠጡ፣ እኔ አለሁ» ብሎ ክፍሉን ማሳረፍ ለሁለቱም ወገን ውለታ ነው።

2. ከ«ተመስገን» አልፋችሁ ጠይቁ

«እንዴት ነህ?» ካላችሁት መልሱ የታወቀ ነው። «ተመስገን፣ ደህና ነኝ።» አንገቱን ማዞር ያቃተው ሰው እንኳ ይላታል። ምስጋናው የእውነት ነው፤ አትንኩበት። ግን እዚያ ላይ አታቁሙ።

እኔ የምወደው የሌሊቱን ጥያቄ ነው፦ «ሌሊቱ እንዴት ነበር? እንቅልፍ ወሰደህ?» ሕመምም ሐሳብም የሚበረታው ሰው ሁሉ ሲተኛ ነው። ስለዚህ የሌሊቱን የጠየቀ ብዙ ይሰማል። ሌሎችም አሉ። «ዛሬ ከሁሉ የከበደህ ምንድን ነው?» «ሐኪሞቹ ያሉህን እንዴት ተረዳኸው?» ለትልቅ ሰው ከሆነ «አባባ፣ በሐሳብ የሚመላለስብዎት ነገር አለ?» ማለት ይቻላል። አንድ ወይም ሁለት ጥያቄ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ምርመራ ይመስላል።

«ለምን» የሚለውን ጥያቄ ግን ተዉት። «ለምን ቶሎ አልታከምሽም?» የሚለው ወቀሳ ነው። እሷም ራሷን ስትወቅስ ነው ያደረችው።

3. ዝም በሉ

ከሁሉ ከባዱ ይህ ነው። ዝምታ ሲመጣ ያስጨንቀናል፣ በምርቃትም በቀልድም ልንሞላው እንጣደፋለን። ሕመምተኛው ግን ዝም ያለው ብዙ ጊዜ ቃል እየፈለገ ነው። በቀስታ እስከ አሥር ቁጠሩ። በመሀል «እእ»፣ «እሺ»፣ «ከዚያስ?» ማለት ይበቃል። ካለቀሰ ይልቀስ። መሐረብ አቀብሉት፣ ከፈቀደ እጁን ያዙት፣ «አታልቅስ» አትበሉት። ከተቆጣም ቁጣውን ስሙት። አብዛኛውን ጊዜ የተቆጣው በሕመሙ ነው፤ በቅርብ ያገኘው ግን እናንተን ነው።

4. የሰማችሁትን መልሳችሁ ንገሩት

የርኅራኄ ማድመጥ ዋናው ጥበብ እዚህ አለ። የሰማችሁትን በአጭሩ፣ በራሳችሁ ቃል መልሳችሁ ንገሩት። ያኔ እንደተሰማ ያውቃል፣ ይቀጥላልም። የታመሙ አክስቷን የምታስታምም አንዲት ልጅ እናስብ።

— እትዬ፣ ሌሊቱን እንዴት አደሩ?

— ተመስገን ነው። እናንተን አስቸገርኩ እንጂ።

እዚህ ላይ ሁላችንም አፋችን ላይ የሚመጣው «ኧረ ምን አስቸገሩ! እንዲህ አይበሉ!» የሚል ነው። ከፍቅር ነው የምንለው። ወሬው ግን እዚያው ያበቃል። ልጅቷ እንዲህ ብትልስ?

— ሸክም የሆኑብን እየመሰለዎት ነው?

— ልጄ ሥራውን ትቶ እዚህ ይውላል። ቢያባርሩትስ? እኔ ተኝቼ እንጀራውን ላሳጣው?

— ከሕመሙ ይልቅ የእሱ ሥራ ነው የሚያሳስብዎት።

— አዎ ልጄ። ሌሊት ሲጠናብኝ እንኳ እንዳይነቃብኝ አፌን በነጠላዬ ይዤ ነው የማድረው።

— እስኪነጋ ድረስ?

— እስኪነጋ ድረስ።

እትዬ ሁለት ነገር ተናገሩ። አንዱ የልጃቸው ሥራ ነው፤ ቤተሰቡ ተራ አውጥቶ ማስታመም ይችላል። ሌላው ማንም የማያውቀው የሌሊት ሕመም ነው። ሐኪሙ ጠዋት ሲዞር «ደህና ነኝ» ስለሚሉት የማስታገሻው መጠን አልተስተካከለም። ልጅቷ ምንም ምክር አልሰጠችም። ያለችው ሁሉ ከአክስቷ የሰማችውን ነው።

ስሜቱንም በጥያቄ መልክ መጥራት ይቻላል። «ፈርተህ ነው?» «ተስፋ አስቆረጠህ?» ከተሳሳታችሁ ያርማችኋል፦ «አይ፣ ፍርሃት እንኳ አይደለም፣ ንዴት ነው።» ይህም ትልቅ መረጃ ነው። «ባር ባር ይለኛል» ወይም «ሆዴን ያላውሰኛል» ሲላችሁም ገባኝ ብላችሁ አትለፉ። እንዴት እንደሚያደርገው፣ መቼ እንደሚመጣበት ጠይቁት።

5. ወሬውን የሚዘጉ ንግግሮች

«አይዞህ» ጥሩ ቃል ነው። ችግሩ ቀድሞ ሲመጣ ነው። ሕመምተኛው ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ የሚባል «አይዞህ» ያጽናናል። ሊናገር ሲል የሚባለው ግን አፉን ያስይዘዋል።

«የእከሌ ደግሞ ከአንተ ይብስ ነበር፣ ይኸው ድኗል» አትበሉ። የባሰው ደግሞ «እከሌም በዚሁ ነው የሞተው» የሚለው ነው፤ እሱም ይባላል። «ጠንካራ ሁን» የሚለው ትእዛዝ ድካሙን እንዲደብቅ ያደርገዋል። ሕመሙን ከኃጢአት ጋር አያይዞ መናገር ደግሞ በራሱ ላይ የሚያዞረውን ጥያቄ እንደ ፍርድ መልሶ መስጠት ነው። እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

ስለ ጠበልና ስለ ዱዓ ሲያነሳ በጥሞና ስሙት። የመንፈስ ሥቃዩን የሚያስታግስለት እዚያ ሊሆን ይችላል። የነፍስ አባቱን ወይም ሼኩን ማየት ይፈልግ እንደሆነ ጠይቁት። መድኃኒቱን ለማቆም አስቦ ከሆነ አትሟገቱት። «ከመድኃኒቱ ምኑ ነው ያስመረረህ?» በሉት። ብዙ ጊዜ ማቅለሽለሹ ወይም ወጪው ይወጣል። ሁለቱንም አጣምሮ መያዝ እንደሚቻል ከዚያ በኋላ ቢነገረው ይሰማል።

6. የሰማችሁትን ሕመም ለሐኪሙ አድርሱ

ማድመጥ እዚያው አልጋው አጠገብ ከቀረ ግማሽ ሥራ ነው። ሕመም ሲነገራችሁ እነዚህን ለዩ። የት ነው? መቼ ይብሳል? ያቃጥላል፣ ይወጋል፣ ይቆረጥማል ወይስ ይነዝራል? ምን ያስታግሰዋል? ከምን ከለከለው፤ ከእንቅልፍ፣ ከመብላት፣ ከመቀመጥ? መጠኑን በጣቶቹ ያሳያችሁ፤ ምንም ካልሆነ ዜሮ፣ ከዚህ የባሰ የለም ካለ አሥሩንም ጣት። በአንዲት ደብተር ላይ ከነሰዓቱ ጻፉት።

ከዚያ ለነርሷ እንዲህ በሉ፦ «ሲስተር፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ጀምሮ እስኪነጋ ስምንት ጣት ያህል አሟቸዋል። ወገባቸውን ያቃጥላቸዋል፣ አልተኙም።» «እያማቸው ነው» ከሚለው ይልቅ ይህ ለውሳኔ ይመቻል። የማይናገሩበት ሌላ ምክንያት እንዳይኖርም ፈቃዳቸውን ጠይቁ፦ «ይህንን ለሐኪሙ ብነግርልዎትስ?»

ሞርፊን የሚባለው ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ሲታዘዝ ብዙ ቤተሰብ ይደነግጣል። «ሞርፊን ከተጀመረማ አለቀለት» የሚል ወሬ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ለጠና የካንሰር ሕመም ሞርፊን በአፍ እንዲሰጥ፣ ሕመሙ እስኪነሳም ሳይጠበቅ በሰዓቱ እንዲወሰድ ሲመክር ቆይቷል። ቶሎ የሚሠራው ዓይነት ብዙውን ጊዜ በየአራት ሰዓቱ ነው የሚታዘዘው። መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ከፍ ዝቅ አታድርጉት። ሆድ ድርቀት ስለሚያመጣ ለዚያ የሚሆን መድኃኒት አብሮ እንዲታዘዝ ጠይቁ። ሕመምተኛው አልወስድም ካለ ግን ከማስረዳታችሁ በፊት የፈራውን ስሙ። አንዱ ሱስ ይፈራል፣ ሌላው አእምሮዬን ያስተኛብኛል ይላል፣ ሌላው ሞት ቀረበ ብሎ ያስባል። ለሦስቱ አንድ ዓይነት መልስ የለም።

በማስታገሻ ሕክምና ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች ባሉበት ከተማ ከሆናችሁ ፈልጉዋቸው። አዲስ አበባ ላይ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ቤት ድረስ እየሄደ ሕመምተኛ ይከታተላል።

7. «እሞታለሁ ወይ?» ሲል

በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለሕመምተኛው አይነገርም፤ ለቤተሰቡ ነው የሚነገረው። ከርኅራኄ የመጣ ልማድ ነው። እኔ ግን ብዙ ጊዜ ሕመምተኛውን ብቻውን ያስቀረዋል ባይ ነኝ። የኬሞውን ከረጢት ያያል፣ የሰውን ዓይን ያነባል፣ በሩ ላይ የሚንሾካሾኩትን ይሰማል። እሱ እናንተን እንዳያስጨንቅ ይደብቃል፣ እናንተም እሱን። ለልጆቹ የሚናዘዘው፣ ይቅር ልበለው የሚለው ሰው ቢኖር እንኳ ጊዜው ያመልጠዋል።

ያም ሆኖ ጠያቂ ሆናችሁ ሄዳችሁ እውነቱን አታፈንዱት። ጥያቄውን ተቀበሉትና መልሳችሁ ጠይቁ፦ «ምን ተሰማህና ነው?» የሚፈራው ሞቱን ላይሆን ይችላል። ሕመሙ እየበረታ መሄዱን፣ ወይም ከቤቱ ርቆ መሞትን ይሆናል። ከዚያ «ስለ በሽታህ ሐኪሙ በግልጽ እንዲነግርህ ትፈልጋለህ?» በሉት። ብዙ የካንሰር ሐኪሞች የሚማሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው ባለ ስድስት ደረጃ አካሄድም ይህንኑ ያስቀድማል። መጀመሪያ ሕመምተኛው የሚያውቀውን ጠይቅ፣ ከዚያ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ጠይቅ፣ ከዚያ ንገር። ማወቅ አልፈልግም ካለ ይከበርለት። እፈልጋለሁ ካለ ደግሞ የሚወደው ሰው አጠገቡ ኖሮ፣ ኮሪደር ላይ ሳይሆን ተቀምጦ፣ ጥቂት በጥቂት ይነገረው። መርዶ በደህና ሰዓት፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ የሚነገርበት አገር ሰዎች ነን፤ ይህን ጥንቃቄ እናውቅበታለን።

8. «ሞቼ ባረፍኩ» ሲል

አታስደንግጡት፣ በስብከትም አታፍኑት። በቀጥታ ጠይቁ፦ «በጣም ስለደከመህ ነው ወይስ ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም። አንዳንዱ ድካሙን ነው የተናገረው። አስቤያለሁ ካለ ግን ብቻውን አትተዉት፣ ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ፣ በዚያው ቀን ለሐኪሙ ንገሩ። ሌላውን ምስጢሩን ጠብቁለት። ይህንን ግን ለማንም አልናገርም ብላችሁ ቃል አትግቡ።

9. መናገር ሲያቅተው

ያኔም ማድመጥ አለ። ፊቱን ሲያጨማድድ፣ ሲያቃስት፣ ሲገለበጥ እጁን ሲጨብጥ እዩ፤ ለነርሷ ንገሩ። «አዎ» ለማለት እጃችሁን እንዲጨብጥ ተስማሙ። ቀኑ ተምታቶበት የሞቱትን እናቱን ቢጠራ አትከራከሩት፤ «እናትህ ናፈቁህ?» በሉት።

እ.ኤ.አ. በ2020 ካናዳ ውስጥ የወጣ የአእምሮ ሞገድ ጥናት ነበር። ሊሞቱ ሰዓታት የቀራቸውና ራሳቸውን የማያውቁ አንዳንድ ሕመምተኞች አእምሮ ለድምፅ ምላሽ ይሰጥ እንደነበር አሳይቷል። ስለዚህ አልጋው አጠገብ ስለ ድንኳንና ስለ እድር አታውሩ። ስሙን ጠርታችሁ ማን እንደሆናችሁ ንገሩት።

10. ከሩቅ ሆናችሁ

ዋሽንግተንም ሆናችሁ ዱባይ፣ ደውላችሁ መጀመሪያ የምትሉት «ስንት ብር ልላክ?» አይሁን። ገንዘቡ ያስፈልጋል፣ ይላካል። ስልኩ ግን ለሕመምተኛው ራሱ ይሰጥ። ብርታት ባለው ሰዓት፣ ስፒከሩ ጠፍቶ፣ ለአምስት ደቂቃ።

አሜሪካ ውስጥ ወላጆቻችሁን የምታሳክሙ ደግሞ ልጆችን አስተርጓሚ አታድርጉ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ያለ ክፍያ ብቁ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ በስልክም ቢሆን። አባት የሽንቱን ችግር በአሥራ ሦስት ዓመት ልጁ አፍ አያስነግርም። ልጅም የእናቷን ካንሰር መጀመሪያ የምትሰማው ስታስተረጉም መሆን የለበትም። ቀጠሮ ስትይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ» ብላችሁ አስመዝግቡ።

11. ለባለሙያዎች አንድ ነገር

ጤና ሚኒስቴር ከ2008 ዓ.ም. በጀመረው የአምስት ዓመት ዕቅድ ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎት ነበር። ዋርድ ውስጥ ይህ ምን ይመስላል ብትሉኝ፣ ስምን ጠርቶ መጀመር ነው። «የአልጋ ቁጥር ስድስት» ከማለት «እማማ፣ እንዴት አደሩ» ማለት ጊዜ አይወስድም። መጋረጃውን መሳብ፣ ያለ ማቋረጥ ሁለት ደቂቃ መስማት፣ ሲወጡ «ሌላ ሊነግሩኝ የፈለጉት አለ?» ብሎ መጠየቅ። ብዙ ሰው ዋናውን ነገር የሚያወጣው በዚህች በመጨረሻዋ ጥያቄ ነው።

12. አስታማሚውን አትርሱ

ወንበር ላይ ወይም መሬት ካርቶን አንጥፎ የሚያድረው ሰው ከሕመምተኛው ሥቃይ ጋር ነው የሚኖረው። የተናደደ፣ ከዚያ በመናደዱ ያፈረ፣ መቼ ባለቀ ብሎ ያሰበና ስላሰበው የሚያለቅስ አስታማሚ አለ። እንዲህ ማሰቡ ክፋት እንዳልሆነ የሚነግረው ይፈልጋል። ወደ ኮሪደሩ አውጡትና እሱንም በተመሳሳይ መንገድ ስሙት፤ ጥያቄ፣ ዝምታ፣ የሰማችሁትን መልሶ መናገር። ስትለዩት «የምትፈልገው ነገር ካለ ደውልልኝ» አትበሉት፣ አይደውልም። «ሐሙስ ማታ እኔ አድራለሁ፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት እመጣለሁ» በሉትና ሂዱ።